ለፎቶ ተብሎ ጥርስ ይሞረዳል?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ፍቅር አይደለም፣ ስለ ፋሽንም አይደለም። ስለ ጥርስ ነው። «ደግሞ ስለ ጥርስ ምን ይወራል?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት አደራ! እኔ እኮ በ28 ዓመት ዕድሜዬ ፎቶ ላይ አንድም ቀን ጥርሴን አሳይቼ አላውቅም ነበር። ከአንድ ወዳጄ ጋር የተለያየሁት፣ አንድ የእንግዳ ተቀባይነት ሥራ ያመለጠኝ፣ በሰው ሠርግ ላይ ጥግ ጥጉን የምይዘው፣ ሁሉም በጥርሴ ምክንያት ነው። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ብዬ አምኜ ኖሬአለሁ።

ስስቅ እጄ ማንም ሳያዘው ይነሳና አፌን ይከድናል። ይህን ያዩ ሰዎች ታዲያ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» ይሉኛል። «ያሳደገሽ ይባረክ» ብለው የመረቁኝም አሉ። ኧረ ምን ጨዋነት አመጣው ወገኖቼ! ጥርሴ ቡናማ ስለሆነ ነው።

የወንጂ ልጅ ነኝ

የተወለድኩትም ያደግኩትም ወንጂ ነው። በሰፈራችን የሁላችንም ጥርስ አንድ ዓይነት ስለነበረ ነገሬም አላልኩት። ጉዱን ያወቅሁት ገርጂ አክስቴ ጋ መጥቼ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ዞር ብላ «አንቺ፣ የናዝሬት ልጅ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። «በምን አወቅሽ?» ስላት የራሷን ነጭ ጥርስ በጣቷ መታ መታ አደረገችና ሳቀች። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ «ሸንኮራ ሲግጡ እያደሩ ነዋ!» ብሎ ጨመረበት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ? እጄ አፌን መክደን የጀመረው ያን ቀን ይመስለኛል።

«የሸንኮራ ነው» የሚለውን ወሬ እናቴም ታምንበት ነበር። «ምነው ያኔ በከለከልኳችሁ ኖሮ» እያለች ስንት ጊዜ ራሷን ወቅሳለች! የሸንኮራውም ጥፋት እንዳልሆነ፣ የእሷም ጥፋት እንዳልሆነ ያወቅሁት በጣም ቆይቼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው። የከርሰ ምድር ውኃ በዚያ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። ፍሎራይድ በመጠኑ ሲሆን ጥርስን ያጠነክራል። የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረውም ለዚሁ ነው። ሲበዛ ግን ጠላት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊ ግራም በላይ እንዳይኖር ይመክራል። በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ጉድጓዶች ግን ከ10 ሚሊ ግራም በላይ ተለክቶባቸዋል። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲያስጀምር ከየአገሩ ለእንጀራው የጎረፈው ሕዝብ የጉድጓድ ውኃ ይጠጣ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮም ሐኪሞች የፍሎራይዱ መዘዝ ከጥርስ አልፎ አጥንት ድረስ እንደሚዘልቅ በወንጂ ሠራተኞች ላይ አይተው መዝግበዋል።

አንድ ነገር ግን ያዙልኝ። ይህ ቀለም ጥርሱ ድድ ውስጥ ገና ሲሠራ፣ ከልደት እስከ 8 ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ አብሮ የሚገባ ነው። ከላይ የተለጠፈ ቆሻሻ አይደለም። እኔ ግን ይህን ሳላውቅ በወይራ መፋቂያ ፍቄዋለሁ፣ በልምጭ ፍቄዋለሁ፣ በከሰል አሽቼዋለሁ፣ በሎሚና በቤኪንግ ፓውደር ሳይቀር አጥቤዋለሁ። ያተረፍኩት ቀዝቃዛ ውኃ በጠጣሁ ቁጥር ጥርሴን ጠቅ የሚያደርግ ሕመም ብቻ ነው። ሎሚ አሲድ ነው፣ የጥርስን ሽፋን ይበላል። ከሰሉ ደግሞ ይፍቃል። እባካችሁ ቲክቶክ ላይ ያያችሁትን ሁሉ አፋችሁ ውስጥ አትክተቱ!

ሙሽራዋ ጓደኛዬ

አንድ አብሮ አደግ ጓደኛ አለችኝ። ወንጂ ቤታችን አጥር ለአጥር ነበር። አሁን እሷ ሰሚት ትኖራለች፣ እኔ ገርጂ። የጠጣነው ውኃ አንድ ነውና ጥርሳችንም አንድ ነው። እንዲያውም የእሷ ከእኔ ይብስ ነበር።

አምና ጥር ላይ ልታገባ ቀጠሮ ተያዘ። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልጅት ጠፋችብኝ። ስልክም አታነሳ። ከሳምንት በኋላ በሬ ተንኳኳ፣ ስከፍት እሷ ናት። ምንም ሳትናገር ፈገግ አለች። ወይ ጉድ! የላይኛው ረድፍ እንደ ሸክላ ሲኒ ነጭ፣ እኩል፣ የሚያብረቀርቅ! በ5 ቀን ውስጥ 10 ጥርስ! «ምን ተደርጎ ነው?» ስላት «አስሠራሁት፣ በቃ ተገላገልኩ» አለችና ማልቀስ ጀመረች። የደስታ ልቅሶ ነው። እኔም አብሬ አለቀስኩ። እውነቱን ልናገር? የእኔ ግማሹ የቅናት ነበር።

በሠርጉ ዕለት ሚዜ ነበርኩ። ፎቶ አንሺው «ሚዜዎች፣ እስቲ ሳቅ በሉ!» ባለ ቁጥር እጄ ይነሳል። በኋላ አልበሙ ሲመጣ ሙሽሪት በየገጹ ጥርሷ ይታያል፣ እኔ በየገጹ እጄ ይታያል። «አንቺም አድርጊው፣ ሕይወትሽ ነው የሚቀየረው» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ለጥርሴ ብዬ ዕቁብ ገባሁ።

ከሠርጉ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በፋሲካ ሰሞን፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ነይልኝ፣ ጥርሴ ሊገድለኝ ነው» አለችኝ። ሰሚት ስደርስ ባለቤቷ በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ ጉንጯ ላይ ይዞላታል። በማግስቱ የሄደችበት ሐኪም በሁለቱ ጥርሶቿ ውስጥ ያለው ነርቭ እንደሞተና ሩት ካናል የሚባለው የሥር ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ነገራት። ያ ሳይሻላት ሌላ ሽፋን ዳቦ ስትበላ ወልቆ መዳፏ ላይ ቀረ።

ያን ዕለት መታጠቢያ ቤት አስገባችኝና በሩን ዘግታ አፏን ከፈተችልኝ። ከሽፋኑ ሥር የቀረው ጥርስ እንደተቀረጸ እርሳስ ጫፍ ሾሏል። ጥርስ አይመስልም።

«እንዲህ እንደሚሞርዱት ነግረውሽ ነበር?» አልኳት።

«ትንሽ እናስተካክለዋለን ነው ያሉኝ።»

ዝም አልኩ። እሷ ግን ቀጠለች። «እኔ እኮ ጥርሴን አሞኝ አያውቅም ነበር። አጥንት የምሰብርበት ጥርስ ነበረኝ። መልኩ ነው እንጂ ሌላ ምን ሆነ?»

ይቺ ዓረፍተ ነገር ናት ዛሬ ብዕር ያስያዘችኝ። ያልታመመ ጥርስ ነው የተሞረደው። የተሞረደ ጥርስ ደግሞ እንደ ጥፍር ተመልሶ አይበቅልም!

«ያኔ በአዲስ እንቀይረዋለን»

ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቼ እኔ ተውኩት? የለም። የሰው ልጅ ጉደኛ ነው። ሰኔ ላይ ዕቁቡ ሲወጣልኝ «የእሷ አልገጠማትም፣ የእኔ ይገጥመኛል» ብዬ በቦሌ አቅጣጫ ካሉት ክሊኒኮች ወደ አንዱ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፣ አያስፈልግምም። ወለሉ ያንሸራትታል፣ ግድግዳው ላይ የሚስቁ ፈረንጆች ተሰቅለዋል። ወጣቱ ሐኪም አፌን ለአንድ ደቂቃ እንኳ አላየኝም። ራጅ አላነሳኝም። የቀለም ናሙና አውጥቶ «ይሄኛው ቁጥር ያምርብሻል» አለኝ። ክሬም ቀለም የምገዛ ነው የመሰለኝ።

«ዶክተር፣ ጥርሴ ምን ያህል ይሞረዳል?» አልኩት።

«አትጨነቂ፣ በማደንዘዣ ነው፣ አይታወቅሽም።»

«ከአሥር ዓመት በኋላስ?»

«ያኔ በአዲስ እንቀይረዋለን» አለኝ እየሳቀ።

ልቤ በአንድ ጊዜ ሂሳብ ሠራ። አሁን 28 ነኝ። በ38 ይቀየራል፣ በ48 ይቀየራል፣ በ58 ይቀየራል። በተቀየረ ቁጥር ከራሴ ጥርስ ትንሽ ሊቀነስ ነው፣ በተቀየረ ቁጥር ሊከፈል ነው። የዕድሜ ልክ ዕቁብ በሉት! «ነገ ብሩን ይዤ እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ። እስካሁን አልተመለስኩም።

መሰላሉን ከታች ጀምሪ

አክስቴ «እስቲ እኔ ጥርሴን የነቀለችኝ ሐኪም ጋ ሂጂ» ብላ ወደ መገናኛ ሰደደችኝ። እንግዳ ማረፊያው የእንጨት አግዳሚ ነው። ሐኪሟ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሴት ናቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል ጥርሴን አንድ በአንድ አዩ፣ ራጅ አነሱ። ከዚያ ጓንታቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ጥርስሽ ጤነኛ ነው። ከኋላ አንዷ መንጋጋ ተቦርቡራለች፣ እሷን መጀመሪያ እንሞላለን። የፊተኞቹ መልካቸው ነው የተበላሸው። መልክ የተበላሸበትን ጥርስ ለመጠገን ጥርሱን መግደል አያስፈልግም» አሉኝ።

እኔም ጥያቄዬን ሁሉ ዘረገፍኩ። እሳቸው ያስረዱኝን በኋላም ያነበብኩትን አንድ ላይ አድርጌ ላካፍላችሁ።

የጥርሳችን የላይኛው ሽፋን ኢናሜል ይባላል። ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው። ነገር ግን የፊት ጥርስ ላይ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ኢናሜሉን የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ከድድ ሲወጣ ሥራቸውን ጨርሰው ይሞታሉ። ስለዚህ አንዴ የተሞረደውን የሚተካ ማንም የለም። ከሥሩ ያለው ለስላሳው ክፍል ሲጋለጥ ትኩሱም ቀዝቃዛውም ነርቭ ድረስ ይሰማል።

ጥርስ የማሳመር ሥራ ታዲያ እንደ መሰላል ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ጥርስ ማሳጠብ ነው። የቡና፣ የሻይ፣ የሲጋራና የጫት ቀለም ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ይለቃል። ሁለተኛው በመድኃኒት ማንጣት ነው። ጥርስ አይሞረድም፣ ለጥቂት ቀናት ጠቅ ጠቅ ሊያደርግ ይችላል፣ ያልፋል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ግን እስክትገላገሉ ታገሡ። እንደ እኔ ዓይነት የፍሎራይድ ጥርስ ያለው ሰው ከማንጣቱ በፊት የላይኛውን እጅግ ስስ ንጣፍ በሚፍቅ ልዩ ቅባት ቡናማውን ማስቀነስ ይችላል። ሦስተኛው ኮምፖዚት በሚባለው ጥርስ መሳይ ነገር ጉድጓዱንና ጠባሳውን ማስሞላት ነው። ብዙ ጊዜ ሳይሞረድ ይሠራል፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ቀለሙ ይለወጣል፣ ሊላጥም ይችላል።

አራተኛው ቪኒየር ነው። ከፊት ለፊት እንደ ሰው ሠራሽ ጥፍር የሚለጠፍ ስስ ሸክላ ነው። ለእሱ ቦታ ለመሥራት አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይሞረዳል። በደንብ ከተያዘ ከ10 እስከ 15 ዓመት ሊቆይ ይችላል። የመጨረሻው ደረጃ ክራውን ነው፣ ጥርሱን ዙሪያውን እንደ ቆብ የሚያለብሰው። ለክራውን ከሚታየው የጥርስ አካል ከግማሽ በላይ ሊሞረድ ይችላል። የተሰበረ ወይም ክፉኛ የተበላ ጥርስ ይድንበታል፣ ትልቅ ሥራ ነው። ጤነኛ ጥርስ ላይ ለቀለም ብቻ ከተሠራ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው!

ጓደኛዬ «ቪኒየር» ተብላ የተሠራላት ለካስ ክራውን ኖሯል። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የእንግሊዝ ወጣቶች በርካሽ ዋጋ ጥርሳቸውን ለማሠራት ወደ ቱርክ ሲጎርፉ፣ ብዙዎቹ ጥርሳቸው እንደ ጉቶ ተሞርዶ ከመመለሳቸው የተነሳ «የቱርክ ጥርስ» የሚል ስም ወጥቶለታል። የአገራቸው የጥርስ ሐኪሞችም ተዉ ሲሉ ቆይተዋል።

ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ

እንግዲህ ከእኔም ከጓደኛዬም የተማርኩትን እነሆ። ወንበሩ ላይ ተቀምጣችሁ አፋችሁን ከከፈታችሁ በኋላ መጠየቅ አይቻልምና ቀድማችሁ ጠይቁ።

1ኛ/ ለማን ብዬ ነው? ይህን ራሳችሁን ጠይቁ። ከላይ ያነሳሁትን ወዳጄን በቅርቡ 22 አካባቢ አገኘሁትና ቡና ስንጠጣ «በጥርሴ ምክንያት ነው የራቅኸኝ አይደል?» አልኩት። ደነገጠ። «ጥርስሽ ምን ሆነ? እኔ እኮ ሁልጊዜ አፍሽን ስትይዢ የምትደብቂኝ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር» አለኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ! ያራቀው ጥርሴ ሳይሆን እጄ ነው። ለራሳችሁ ስትሉ የምታደርጉት ከሆነ መልካም። «ሰው ምን ይለኛል» ብላችሁ ከሆነ ግን ሰው የሚለው አያልቅም።

2ኛ/ አፌ ጤነኛ ነው ወይ? የተቦረቦረ ጥርስና የሚደማ ድድ እያለ ከላይ ማሳመር በበሰበሰ ግድግዳ ላይ ቀለም መቀባት ነው። ራጅ ሳያነሳ ሞረድ የሚያነሳ ሐኪም ካያችሁ ቦርሳችሁን አንሡ።

3ኛ/ ምን ያህል ይሞረዳል? የሚለጠፈው ቪኒየር ነው ወይስ ክራውን? መልሱን በሚሊ ሜትር ጠይቁ። «ትንሽ» መልስ አይደለም።

4ኛ/ ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም ወይ? ሐኪሙ መሰላሉን ከላይ ከጀመረ ለምን እንደሆነ ያስረዳችሁ። በተለይ እኛ የስምጥ ሸለቆ ልጆች፣ ክፉኛ የተጎዳ የፍሎራይድ ጥርስ ማጣበቂያ እንደ ሌላው ጥርስ አጥብቆ ላይዝ ይችላል። ሐኪሙ ይህን ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት።

5ኛ/ ሳይሞረድ በፊት መልኩን አፌ ላይ ላየው እችላለሁ ወይ? በጊዜያዊ ነገር ጥርሳችሁ ላይ ሠርተው የሚያሳዩ አሉ። ይህን ያደረገ ሐኪም ተመስገን ነው። ቀሚስ እንኳ ሳንለካ አንገዛም አይደል?

6ኛ/ ስንት ዓመት ይቆያል? ሲሰበርስ ማን ይከፍላል? የሚለጠፈው ዕቃ ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ዋጋው የት እንደደረሰ ለእናንተ አልነግርም። የዛሬ አሥር ዓመት ዛሬ በከፈላችሁት ዋጋ አይቀየርም። ዋስትናውን በቃል ሳይሆን በወረቀት ተቀበሉ።

7ኛ/ የሚሠራው ማን ነው? የጥርስ ሥራ የፀጉር ቤት ሥራ አይደለም። የሙያ ፈቃድ ያለው የጥርስ ሐኪም መሆኑን ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። የሚቆጣ ካለ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

8ኛ/ አመሌ ይፈቅድልኛል ወይ? ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ፣ የቢራ ቆርኪ በጥርሱ የሚከፍት፣ ቆሎና አጥንት የማይተው ሰው ሸክላ ጥርስ ብዙ አይከርምለትም። ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ በጥርሳችሁ ውስጥ ያለው የነርቭ ቦታ ገና ሰፊ ስለሆነ ሞረድ ቶሎ ይደርስበታል። ታገሡ።

9ኛ/ የምን ጥድፊያ ነው? «ሠርጌ በዚህ ሳምንት ነው» ብሎ ጥርስ አይሠራም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ።

የአያቴ ድድና የጎረቤቴ ፍንጭት

«ድሮ ሰው ለመልኩ እንዲህ አይጨነቅም ነበር» የሚሉ አሉ። አትመኑ! አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የጎጃም ሴት ናት። ድዷ ተነቅሷል። ጠይቄአት እንደነገረችኝ በልጅነቷ በእሾህ ተወግቶ ጥላሸት ገብቶበት ነው የጠቆረው። ለምን ቢሉ፣ ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ነጥቶ እንዲታይ። አሟት ነበር ወይ? ቀናት ሙሉ እህል አልቀመሰችም። የአንዷ መውጊያ ለሌላዋ ሲያገለግል ደግሞ ስንት በሽታ ሊተላለፍ እንደሚችል አስቡት። ከአያቴ ወዲህ የወርቅ ጥርስ መጣ፣ እሱም አለፈ። ዛሬ በረዶ ነጭ መጣ። እሱም ያልፋል። አለማለፍ የማያውቅ ፋሽን የለም።

ገርጂ መብራት ኃይል የሚኖር አንድ ጎረቤቴ ደግሞ ፍንጭት ነበረው። እናቱ በፍንጭቱ ትኮራ ነበር፣ እኛ አገር ፍንጭት ቁንጅና ነውና። እሱ ግን ፊልም ላይ ያሉት ሁሉ ጥርሳቸው ግጥም ያለ ነው ብሎ አስሞላው። እናቱ ባየችው ጊዜ «ልጄን የት አደረሳችሁት?» አለች። ዕድሉ ግን ጥሩ ነበር፣ በኮምፖዚት ስለነበረ ጥርሱ አልተሞረደም። ሐኪሙ አነሳለትና ፍንጭቱ ተመለሰ። ልዩነቱን አያችሁ? የእሱ ጸጸት መመለሻ ነበረው። የጓደኛዬ መመለሻ የለውም።

የእኔስ መጨረሻ?

እኔ መንጋጋዬን አስሞላሁ፣ ጥርሴን ታጠብኩ። ከዚያ ሐኪሟ ስድስቱን የፊት ጥርሶቼን በዚያ ቅባት ፈቀቁልኝ፣ ለአንድ ወር ያህል ማታ ማታ ማንጫ አደረግሁ፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ያላቸውን ሁለቱን በኮምፖዚት ሞሉልኝ። አንድም ጥርስ አልሾለም። በረዶ ነጭ ሆንኩ? አልሆንኩም። ጠቆር ያለ ማኪያቶ የነበረው ነጣ ያለ ማኪያቶ ሆኗል በሉት። ለእኔ ይበቃኛል። የዕቁቡ ገንዘብ ሩቡ እንኳ አላለቀም።

የቀረውን ምን አደረግሽው በሉኛ! እህቴ ያገባችው ከመቂ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ነው። የሚጠጡት የጉድጓድ ውኃ ነው። የ3 ዓመት ልጅ አላት። የልጁ የወተት ጥርስ ነጭ ነው፣ ሲስቅ እጁን አያነሳም። ነገር ግን ቋሚ ጥርሱ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ድዱ ውስጥ እየተሠራ ነው። ሐኪሟን ስጠይቃቸው «ውኃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋውም፣ እንዲያውም ውኃው ሲተን ያበዛዋል። የዝናብ ውኃ ግን ፍሎራይድ የለበትም ቢባል ይቀላል» አሉኝ። ከአጥንት ከሰል የሚሠራ ማጣሪያም አለ፣ የሚያቀርብ ሲገኝ።

በቀረው ብር 2 ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ገዝቼ ላክሁላት። ባለቤቷ ከቆርቆሮው ጣሪያ አሸንዳ ገጠመለት። ሂሳቡን እኔ ነኝ የሠራሁት፤ 2 ሺህ ሊትር ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 5 ሊትር ተኩል ገደማ ይደርሳል። ለአንድ ሕፃን ለመጠጡም፣ ለአጥሚቱም፣ ለሻዩም ይበቃል። ለጀርሙ አፍልተው ያጠጡታል፣ ሌላው ሰው ከዚያ እንዳይቀዳ ተማምለዋል። የእኔ ጥርስ አንዴ ተሠርቷል፣ የእሱ ገና ነው።

ለእናቴ ደግሞ ሸንኮራው እንዳልሆነ ነገርኳት። ውኃው ነው፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም አልኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለችና «ታዲያ ውኃ ልከለክላችሁ ነበር?» አለችኝ።

ጓደኛዬ ሕክምናዋን ቀጥላለች። እየተሻላት ነው፣ ወጪው ግን ገና አላበቃም። ይህን ጽሑፍ ሳላወጣው አነበብኩላት። «ጻፊው፣ ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ» አለችኝ።

እኔ ደግሞ ባለፈው እሑድ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር ፎቶ ተነሣሁ። ከልቤ ነበር የሳቅሁት። ፎቶውን ሳየው ምን አገኘሁ መሰላችሁ? እጄ ግማሽ መንገድ ላይ፣ ደረቴ ጋ ደርሶ ቆሟል። ጥርሴ ወራት ፈጀበት፣ እጄ ግን ገና ዓመት ሳይፈልግ አይቀርም።

በሉ እንግዲህ፣ ለሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ሳቃችሁ አይጉደል። ቸር ሰንብቱ!